ባለቤትና ተሳቢ

ራይሊ ቀለም አልመረጠችም፣ ዋጋም አልጠየቀች፤
ከተደረደሩት ተሳቢዎች ፊት ቆማ እንዲህ አለች፦
«እጄ ሁለት ነው። ትከሻዬ ግን አንድ፤ ቀኙ ታሟል።
ጀልባዬን ብቻዬን ላወርድ፣ ብቻዬን ልጭን፣ የቱ ይሻላል?»

ታፓኒ ምላሱ ቅባት አያጣም፣ እንደ አዲስ ኩሽኔታ፤
ከአንዱ ወደ አንዱ ወሰዳት፣ ቃሉን ሳይገታ ላፍታ።
«ይኼ ባለ ሮለሩ ነው፤ በጣት ብትነኪያት ትንሸራተታለች፤
አንድ ሰው ገመዱን ሲይዝ፣ አንድ ሰው ሲገፋት ትወርዳለች።
ይኼ ምንጣፍ የለበሰ ጣውላ፤ ትተኛበታለች እንደ ልጅ፤
አንድ ሰው መሪው ላይ ሆኖ፣ አንዱ ውኃው ውስጥ ሲያበጃጅ…
ይኼ ደግሞ ወገቡ ይታጠፋል፤ አንዱ ቡሎኑን ሲነቅለው፣
አንዱ…»
          «ቆይ እስኪ» አለችው።
«ያ አንዱ ሰው፣
ስንት ነው የምትሸጠው?»

ሳቀ። ሳቁን ግን መሐል ላይ ቆረጠው፤
ኦሊስን ያውቀዋል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።
አልሞተም ኦሊስ። ባሏ ነው፤ በየእሑዱ ይደውላል።
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገመድ ያዝኩልሽ፤ በቃኝ» ብሎ፣
ላህቲ ገባ፣ አሳንሰር ያለው ፎቅ ላይ፣
ሐይቁን ከነትንኙ ለእሷ ጥሎ።
አልተጣሉም። ጓንቱን እንኳ አልወሰደም፤
መዳፉ ተበልቶ፣ ምስማሩ ላይ አለ።

መምህራችን ሰዋስው ሲያስተምሩ፣ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ እየመቱ፣
«ባለቤት የሌለው ተሳቢ ምን ይሆናል?» ይሉ ነበር በቁጣ።
ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤
መልሱ ዘግይቶ፣ ከፊንላንድ፣ ከዚህች ሴትዮ መጣ።

ተንበረከከች። ሮለሩን በመዳፏ አሽከረከረች።
«ቶሎ የሚሰጥ ቶሎ ይነሣል፤
ጋንቹን ቀድሜ ከፈታሁ ጀልባዬ ስሚንቶ ላይ ናት» አለች።
ምንጣፉን በጥፍሯ ፋቀች፦
«የኛ ዳር ገደል አይደለም፤ ሩቅ ድረስ ቢሄዱ ውኃው ጉልበት ነው፤
በዚህኛው ከሆነማ ከጀልባዬ በፊት መኪናዬ ነው የሚንሳፈፈው።»

ከአጥሩ ሥር፣ ሣር ወገቡን ውጦት፣ አንድ አሮጌ ቆሟል፤
መሐሉን ሮለር፣ ግራና ቀኙን ምንጣፍ ለብሷል።
ጭራው ላይ ሁለት ነጭ ምሰሶ፣ እንደ በር መቃን፤
ሌላው ሁሉ ውኃ ሲገባ በስፔኪዮ የሚታዩ፣
ከፊት ደግሞ ለእግር የምትበቃ ጠባብ መረማመጃ።
የመዘውሩን እጀታ በግራ እጇ ጨበጠች፣
ካቦውን እስከ ጫፉ ዘርግታ መልሳ ጠቀለለች።
አርባ ሦስት ዙር። ሁለት ጊዜ አረፈች።
ታፓኒ እጁን ዘረጋ፤ በዓይኗ መለሰችው።
«ጎማው አርጅቷል» አላት፣ ሐቁን።
«እኔም» አለች፤ ገንዘቡን ቆጠረችለት።

በረዶው በቀለጠ በሳምንቱ፣ እሑድ፣
ማታ ሆኖ ፀሐይ ለመጥለቅ ስታመነታ፣
ነፋስ ከጎን ሲመጣ፣ ባልዲ ዓሣ ይዛ ተመለሰች።
መጀመሪያ ጀልባዋ ጭራዋን ነፋስ ነጥቋት ምሰሶውን ገጨች።
ቀጥሎ ካቦው በአንድ ክንድ አጠረ፤
ወረደች፣ ለካች፣ ተሳቢውን ጥቂት አጠለቀች።
ኤሜሊ፣ ያ ጎረምሳ፣ ከመርከብ ማቆሚያው ጣውላ ተነሥቶ፣
«ልያዝልሽ?» አላት።
«ያዝ» አለችው፤ «ኪስህን።»

ከዚያ በኋላ የተሰማው መዘውሩ ብቻ ነው፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣
ከንፈሯ ሲቆጥር፣ ሠላሳ ስምንት ላይ ሲያርፍ፣
ደረቅ ትከሻ፣ እርጥብ ገመድ፣ አርባ ሦስት።
ጋንቹ ገባ።

ዳገቱ ራስ ላይ፣ ውኃው ገና ሲንጠባጠብ፣ ስልኳ ጮኸ።
«ማን ሳበልሽ?» አለ ኦሊስ።
በራሷ ቋንቋ አጭር ነገር መለሰች።
በኛ ቢሆን ኖሮ፣
ባለቤቱም ተሳቢውም በአንድ ግሥ ጣራ ሥር ተጠጋግተው የሚያድሩባትን ያቺን ቃል ትለው ነበር፦
«ሳብኳት።»

ከዚያ የዓሣውን ባልዲ ለኤሜሊ አቀበለችው፤
ያን ሊይዝላት ይችላል።